የአለቃ እግርና የጠፋችው መርፌ

ቅዳሜ ጠዋት በእንስሳት ሐኪሟ ክፍል ውስጥ የነበርነው አጎቴ፣ የአጎቴ ሚስት፣ ጋሽ ድገመው፣ እኔ፣ ሐኪሟ ራሷና አለቃ ነን። ጊዜው በጋ ነው። ሰማዩ ላይ ደመና ከታየ ሰንብቷል፤ መስኮቱ ተከፍቶም እንኳ የሚገባው አየር ከምድጃ የወጣ ይመስል ነበር።

አለቃ ውሻ ነው። ስሙን ያወጣለት አጎቴ ሲሆን፣ ቡችላ ሆኖ ወደ ሶፋ መሥሪያችን በመጣበት ቀን ሁላችንም ቆመን ስንሠራ እሱ ብቻ አዲስ ሶፋ ላይ ወጥቶ ተጋድሞ ስለተገኘ ነው። ጋሽ ድገመው ደግሞ በስፌት መኪናው ላይ የሚቀመጠው አንጋፋ ሠራተኛችን ነው። ጨርቅ ከመቆረጡ በፊት የተለካውን ሁሉ «ድገመው» ይላል። ለአንዲት ትራስ እንኳ «ድገመው» ይላል። በዚህ የተነሳ ስሙ ድገመው ሆኖ ቀረ፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም ዛሬ ከራሱ በቀር የሚያስታውስ ያለ አይመስለኝም። እኔ ከእንጨቱ ጋር ነኝ፤ እግርና ቋሚ እገጥማለሁ፣ ስፖንጅ እቆርጣለሁ፣ ምስማር እመታለሁ። ስመታ ምስማሩን አፌ ውስጥ ስለምይዝ ብዙ አልናገርም። ምስማር በማልይዝበት ጊዜም ብዙ አልናገርም።

ወደ ሐኪሟ የሄድነው ሶፋ በምንጭንበት ፒካፕ ነው። አጎቴና ሚስቱ ከፊት፣ ጋሽ ድገመውና እኔ አለቃን መሀል አድርገን ከኋላ። ከመነሳታችን በፊት አጎቴ የመኪናውን በር ይዞ ቆመና፣

«ስማ ድገመው» አለ።

«ጋሽ» የምትለዋን ካስቀራት ነገር አለ ማለት ነው።

«ሐኪሟ የመርፌ ቁስል ነው ካለች ሰኞ ደጃፌ ላይ እንዳላይህ። አይደለም ካለች ደግሞ በሰው ፊት ይቅርታ እጠይቅሃለሁ።»

ጋሽ ድገመው መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፣ መልሶ አደረገውና ፒካፑ ላይ ወጣ። ይህ ሰው እኔ ሳልወለድ ጀምሮ በዚያ ቤት የሠራ ነው። አያቴ ሲቀጥረው አጎቴ ገና ቁምጣ ለባሽ ልጅ ነበር። ለኔም መርፌ አያያዝ፣ ክር አቋጣጠር፣ የሶፋ ጥግ ሳይጨማደድ እንዴት እንደሚታጠፍ ያሳየኝ እሱ ነው። በዚያ ዕድሜው ከኛ ቤት ቢወጣ ወዴት እንደሚሄድ አሳሰበኝ።

ነገሩ የጀመረው ሐሙስ ዕለት ነው።

እኛ ቤት አንድ ደንብ አለ። ሥራ ሲያበቃ ወለሉ ላይ ማግኔት ይጎተትና የወደቀ ምስማር ሁሉ ይለቀማል። ከዚያ መርፌዎቹ ግድግዳው ላይ ወደተንጠለጠለው ቀይ ትራስ ይመለሳሉ። እያንዳንዱ መርፌ የራሱ ቀዳዳ አለው። አንዲት ቀዳዳ ባዶ ከሆነች ማንም ቤቱ አይሄድም። ደንቡን ያወጣው አያቴ ነው፤ ምክንያቱም በሶፋ ቤት የጠፋ መርፌ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ሶፋ ውስጥ ነው፤ ደንበኛው ደግሞ ሲያገኘው በእጁ አይደለም።

ሐሙስ ዕለት ትልቋ ቆልማማ መርፌ ቀዳዳዋ ላይ አልነበረችም። እሷ እንደ ጥፍር የታጠፈች ናት፤ እጅ ከኋላ በማይገባበት ቦታ፣ በተለይ የሶፋ ጀርባ ሲዘጋ፣ የምንሰፋው በሷ ነው። ስፖንጁን አራገፍን። የጨርቅ ቁራጩን ጆንያ ወለሉ ላይ ገለበጥን። ማግኔቱን እስከ ደጃፍ ጎተትን፤ ምስማር እንጂ መርፌ የለም።

«የጥርስ ሐኪሙ ሶፋ ውስጥ ብትሆንስ?» አለች የአጎቴ ሚስት። እኛ እትዬ ነው የምንላት። ጨርቅ የምትመርጠውና ደንበኛ የምታነጋግረው እሷ ናት። የጥርስ ሐኪሙን ሶፋ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ቤቱ አድርሰናል።

«የሱን ጀርባ የዘጋሁት እኔ ነኝ» አለ አጎቴ። «የኔ እጅ መርፌ ረስቶ አያውቅም።»

«ደውለን ብንጠይቅ ምን አለበት?»

«ደውዬ ምን ልበለው? ቀስ ብለህ ተቀመጥ ልበለው?»

ጋሽ ድገመው ሳቀ። መሳቅ አልነበረበትም። አጎቴ ቀስ ብሎ ወደ ስፌት መኪናው ዞረና ጋሽ ድገመውን ትኩር ብሎ አየው።

ዓርብ ጠዋት አለቃ በሦስት እግሩ እያነከሰ መጣ። የፊት ቀኝ እግሩ በጣቶቹ መሀል አብጧል። እብጠቱ ላይ አንዲት ትንሽ ክብ ቀዳዳ አለች፤ ከሷም ደም የቀላቀለ ውሃ ይወጣል። አጎቴ ተንበርክኮ አያት፣ መነጽሩን አድርጎ አያት፣ ከዚያ ከቀዩ ትራስ ላይ አንዲት መርፌ ነቅሎ አምጥቶ አጠገቧ ያዘ። ልክ ነው፤ ውፍረታቸው አንድ ነው።

«የመርፌ ቀዳዳ ነው» አለ።

«ከሰኞ ጀምሮ እኮ ይልሰው ነበር» አልኩ። ምስማር አፌ ውስጥ ነበር፤ የሰማኝ የለም።

«ኧረ በፈጠረህ፣ ውሻን ማን በመርፌ ይወጋል?» አለች እትዬ።

«ጠባቂ ውሻ እንዲኖረኝ የማይፈልግ ሰው ነዋ!»

ይህ አባባሉ የት እንደሚደርስ ሁላችንም አወቅን። ትልቁ አጎቴ፣ የሱ ታላቅ ወንድም፣ ቀድሞ ከኛው ጋር ነበር የሚሠራው። አያቴ ከሞተ በኋላ ደጃፉ ላይ የማን ስም ይጻፍ በሚል ተጣሉና ትልቁ አጎቴ መቀሱን ይዞ ወጣ። ከከተማው ዳር፣ ከተዘጋው ሸክላ ፋብሪካ አካባቢ የራሱን ሱቅ ከፈተ። ከዚያ አንድ ቀን አንዲት ደንበኛ መጥታ የኛን ባለ ክንፍ ወንበር፣ ጀርባው ከፍ ብሎ ጎንና ጎኑ እንደ ጆሮ የሚታጠፈውን ማለቴ ነው፣ እያየች «ይሄንኑ ወንድምህም ጋ አየሁት፤ ቁርጥ ይሄንኑ» አለች። አጎቴ ያን ዕለት ምሳውን አልበላም።

ከዚያ ወዲህ የወንበሩ ካርቶን፣ ጨርቁ የሚቆረጥበት ልክ፣ ሱቅ ውስጥ አያድርም። አጎቴ ጠቅልሎ ቤቱ ይወስደውና ከፍራሹ ሥር ያስገባዋል። እትዬ በሰው ፊት «የምተኛው ከባሌ ጋር ይሁን ከባለ ክንፍ ወንበር ጋር እኔም አልለየሁትም» ትላለች። እኔም ብሆን ትልቁን አጎቴን ካየሁት ቆይቻለሁ። መንገድ ላይ አግኝቼ ሰላም ብለው ወሬው ከኔ ቀድሞ ቤት ይገባል።

አጎቴ በልቡ የያዘው ነገር እንዲህ ነው፦ ወንበሩን ያለ ካርቶን፣ በጭንቅላቱ ብቻ መቁረጥ የሚችል ከሱ ሌላ አንድ ሰው አለ፤ እሱም ጋሽ ድገመው ነው። ስለዚህ ልኩን ለወንድሙ የሚያደርሰው ጋሽ ድገመው ነው። ስለዚህ መርፌዋን የሸሸገው እሱ ነው። ስለዚህ ውሻውን የወጋው እሱ ነው። አንዷን ካመነ ሌላዋ ተከትላ ትመጣለች፤ ጥርጣሬው እንደ ተተረተረ ስፌት ነው፣ ጫፉን ከሳብከው መቆሚያ የለውም።

«ድገመው» አለ አጎቴ ዓርብ ዕለት፣ መርፌዋን እንደያዘ። «ይሄን ውሻ ባለፈው ምን ብለኸው ነበር?»

«የቱን?»

«ከፔዳሉ ላይ አልነሳ ሲልህ።»

ጋሽ ድገመው አሰበ። «አንድ ቀን ከሶፋው ጋር ነው የምሰፋህ አልኩት።»

«ብለሃል?»

«ብያለሁ።»

«ይኸው! ይኸው፣ በራሱ አፍ!» አጎቴ ወደኔ ዞረ። «ሰምተሃል?»

እኔ መስማት ሰምቻለሁ። ግን ያንን ነገር እኔም በቀን በቀን ለአለቃ እለዋለሁ። እትዬማ አንዴ ትራስ ውስጥ ከትቼ እሸጥሃለሁ ብላዋለች።

እዚህ ላይ ስለ እትዬ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። እሷም የራሷ ጥርጣሬ ነበራት፤ ግን የሷ ስለ ጋሽ ድገመው አይደለም። በሥራ ቀን አለቃን ይዤ የምወጣው እኔ ነኝ፤ በአስፋልቱ እስከ አደባባዩ እሄድና እመለሳለሁ። እሁድ እሁድ ግን የሚያንሸራሽረው አጎቴ ራሱ ነው። በጋው ከገባ ጀምሮ ምሳ በልቶ እንደወጣ የሚመለሰው ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ነው። አንድ ሰኞ እትዬ ብቻዬን አግኝታኝ፣

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ሰውዬ ውሻውን ይዞ የት ነው የሚሄደው?» አለችኝ።

«ሊያንሸራሽረው ነው፣ እትዬ።»

«ሙሉ ከሰዓት? እኔን ሲያጨኝ እንኳ እንደዚህ አልተንሸራሸረም።»

ምስማር ወደ አፌ ከተትኩ። እሷ ግን ከአፌ ያጣችውን ከፊቴ ፈልጋ ትንሽ ቆመች፤ ከዚያ የእጅ ቦርሳዋን ክንዷ ሥር አጥብቃ ሄደች።

እንግዲህ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሐኪሟ ክፍል ስንገባ ሁላችንም ሰው ሰው እያየን ነው የገባነው። አጎቴ ጋሽ ድገመውን ያያል። እትዬ አጎቴን ታያለች። ጋሽ ድገመው ወለሉን ያያል። አለቃ ብቻ ነው ሐኪሟን ያየው፤ እሷንም በጥርጣሬ ነው ያያት።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ጠቅልላለች። አለቃን ጠረጴዛው ላይ አወጣነውና እንዳይነክስ አፉን አሰርነው። ማሰሪያ ይዘን የመጣነው እኛ ነን፤ ከጥርስ ሐኪሙ ሶፋ የተረፈ አረንጓዴ የከፋይ ቁራጭ።

«ከፋይ ለብሶ የመጣልኝ ውሻ ይሄ የመጀመሪያው ነው» አለች ሐኪሟ።

የሳቀ የለም። እሷም ሁላችንንም ተራ በተራ አየችንና ሥራዋን ጀመረች። የእግሩን ፀጉር በመቀስ አጸዳች፣ ማደንዘዣ ወጋችው፣ ቀዳዳዋን ጥቂት ሰፋ አድርጋ መግሉን ጨመቀች። እኔ ጭንቅላቱን አቅፌ ይዤ ነበር፤ ልቡ ክንዴ ላይ ይመታል። አጎቴ በትከሻዬ በኩል አንገቱን አስግጓል።

«መርፌ ናት?» አለ።

«ቆይ፣ ገና ነኝ።»

«ሰባራዋም ብትሆን አውቃታለሁ። የኔ መርፌ ናት።»

ሐኪሟ ወረንጦውን አስገባች። ፈለገች፣ አጣች፣ እንደገና አስገባች። ጋሽ ድገመው ከግድግዳው ጋር ተለጥፎ ቆሟል፤ የሁለት እጁን አውራ ጣቶች ቀበቶው ውስጥ ከቷል። ከዚያ ወረንጦው አንድ ነገር ይዞ ወጣ። ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳችው።

ጭድ ይመስላል። ከሩዝ ፍሬ የቀጠነ፣ ጫፉ ሹል፣ ከኋላው አጭር ጭራ ያለው ነገር ነው።

«መርፌ አይደለም» አለች። «የሣር ፍሬ ነው።»

ጋሽ ድገመው እጆቹን ከቀበቶው አወጣ።

«የምን ሣር?» አለ አጎቴ። «ሣር እንዲህ ያደርጋል እንዴ? ዶክተር፣ ሣር እኮ ለስላሳ ነገር ነው።»

«በክረምት ነው ለስላሳ። በበጋ ሲደርቅ ፍሬው እንዲህ ይሆናል። ጣትዎን ያምጡ።» ፍሬዋን በጨርቅ ጠርጋ በጣቱ ላይ ወደ አንድ ወገን ሳበቻት። «ለሰለሰዎት? አሁን ወደዚህ ስስባት…»

አጎቴ ጣቱን ሰበሰበ።

«ይሄ ሁሉ ጥቃቅን ፀጉር እሾህ ነው፤ ፊቱ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ነው። ከገባ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ አይልም። ውሻው በተራመደ ቁጥር እየገፋ ይሄዳል። ሲገባ ቀዳዳው ስለማይታይ ባለቤቱ የሚያውቀው ካበጠ በኋላ ነው። ይሄኛው በግምት ሳምንት ሊሆነው ነው።»

«ከሰኞ ጀምሮ ይልስ ነበር» አልኩ። በዚህ ጊዜ አፌ ውስጥ ምስማር አልነበረም። ሁሉም ዞሮ ሲያየኝ ጆሮዬ ጋለ።

«መርፌዋ የጠፋችው ደግሞ ሐሙስ ነው» አለ ጋሽ ድገመው በዝግታ፣ ልክ ለክቶ እንደሚናገር።

ሐኪሟ ቁስሉን ማጠብ ጀመረች። እያጠበችም ትናገራለች። ይህ ፍሬ ጆሮ ውስጥ ከገባ ታምቡር ይበሳል፤ አፍንጫ ውስጥ ከገባ ውሻው ደም እስኪወጣው ያስነጥሰዋል፤ ዓይን ሥር ከተወሸቀ ዓይን ያጠፋል። ባለፈው ሳምንት አንዱን ከአፍንጫ አውጥታለች፤ ባለቤቱ ጎረቤቴ መርዝ አብልቶብኝ ነው ብሎ ተደባድቦ ነበር የመጣው።

«እንደዚህ ያለ ሰውም አለ» አለች። አጎቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የት ነው የምታንሸራሽሩት?» ብላ ጠየቀች።

«በአስፋልቱ» አልኩ።

«አስፋልት ላይ ይሄ አይገኝም። ይሄ ሰንበሌጥ ወይም የሱ ዓይነት ረጅም ሣር ነው። በቁመት የደረቀ ሣር ያለበት ሜዳ መግባት አለበት።»

አጎቴ ይህን ሲሰማ ልማዱ ከልቡ ቀደመ። «እንዲህ ያለ ሣር ከሸክላ ፋብሪካው ጀርባ በቀር ከተማው ውስጥ የለም!» አለ። «ወንድሜ ሱቅ ፊት ለፊት ነው! ታዲያ ውሻዬን ማነው በድብቅ እዚያ የወሰደው?» ጣቱም ወደ ጋሽ ድገመው ተነሳ።

ቃሉ ከአፉ ወጥቶ ሳያልቅ ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። ጣቱ አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ሐኪሟም ይህን ስታይ ፋሻዋን መጠቅለል አቆመች።

ያን ጊዜ እትዬ ቦርሳዋን ከፈተች። ከውስጥ የክብሪት ቀፎ አወጣች፣ በአውራ ጣቷ ገፋ አድርጋ ከፈተችውና የውሻው ጠረጴዛ ላይ ገለበጠችው። ከቀፎው የፈሰሰው ያው ሐኪሟ ያወጣችው ዓይነት ፍሬ ነው፤ ሹል፣ ባለ ጭራ፣ የጭድ መልክ ያለው፣ አንድ እፍኝ የሚሆን።

«ከማን ካልሲ የለቀምኩት ይመስልሃል?» አለች።

አጎቴ ጣቱን አወረደ።

«ጭጎጎት መስሎኝ ነበር። በየእሁዱ ማታ ካልሲህን ሳጥብ ስለቅም፣ ስለቅም፣ አንድ ቀን ይፈለጋል ብዬ አስቀመጥኩት። ቤት ውስጥ ከተውኩት አግኝተህ ትጥለዋለህ ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ነው የምዞረው። አሁን ንገረኝ። ማናት?»

«ማን ማናት?»

«ሣር ውስጥ የምትጠብቅህ!»

«ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ ሰው አለ!»

«ሰው ይስማ! ዶክተርም ትስማ!»

ሐኪሟ ፋሻዋን እያየች «እኔ ውሻ ነው የማክመው» አለች።

«ሴት አይደለችም» አለ አጎቴ። ድምፁ አነሰ። «ሴት አይደለችም። ወንድሜ ነው።»

እትዬ ባዶውን ቀፎ እንደያዘች ቀረች።

«እሁድ እሁድ እሄዳለሁ» አለ። «ሳሩ ውስጥ ቁጭ እልና የሱቁን በር አያለሁ። እሁድ ሥራ ስለሌለ፣ ከኛ ቤት ወደዚያ የሚመላለስ ሰው ካለ ያን ቀን ነው የሚሄደው ብዬ።» ጋሽ ድገመውን አላየውም። «አለቃ ወንድሜን ሲያይ ጭራውን ይቆላል፤ ሊሮጥ ይፈልጋል። ስለዚህ አፉን ይዤ ሳሩ ላይ አስተኛዋለሁ።»

«አስተኝተውታል?» አለች ሐኪሟ። «ሳሩ ላይ? እንግዲያው ጆሮውንም ልየው።» ባትሪዋን አንስታ የአለቃን ጆሮ ገለበጠች።

ጋሽ ድገመው ከግድግዳው ተነሥቶ አንድ እርምጃ ቀረበ።

«የምትጠብቀው እኔን ነው?» አለ።

«አዎ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«በጋው ከገባ።»

«ስመጣ አየኸኝ?»

«አላየሁህም።»

«ድገመው።»

«አላየሁህም አልኩህ።»

«አንድም እሁድ?»

«አንድም እሁድ።»

«ታዲያ ካላየኸኝ ለምን አልተውከውም?»

አጎቴ ሲመልስ ፊቱ የትምህርት ቤት ልጅ ፊት ሆኖ ነበር። «በሌላ ቀን ትሄድ ይሆናል ብዬ ነዋ» አለ።

ጋሽ ድገመው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። 

«ያንን ወንበር» አለ፣ «አባትህ ናቸው የሠሩት። እኔ ክር አቀብላቸው ነበር። ሁለታችሁም ወለሉ ላይ ተቀምጣችሁ ታዩ ነበር። የተሰረቀ ነገር የለም። ወንድምህም ካርቶኑን አይፈልገውም፤ በዓይኑ ያውቀዋል።»

ይህን ሲል አጎቴ አንገቱን ደፋ። እትዬ ወደ ባሏ ጠጋ ብላ፣ ግን ሳትነካው፣ «ወንድምህንስ አየኸው?» አለችው።

«አየሁት። ከስቷል። ከሰዓት በኋላ ወንበር ደጃፉ ላይ ያወጣና ይቀመጣል። ባለ ክንፉን። መንገዱን ያያል።»

«ማንን ነው የሚያየው?»

«እኔ ምን አውቄ! መንገዱን ነው የሚያየው።»

«ይኸው ሁለተኛዋ» አለች ሐኪሟ። ከአለቃ ጆሮ ውስጥ አንዲት ፍሬ በወረንጦ ይዛ አወጣች። ወደ ጥልቁ አልዘለቀችም ነበር፤ ታምቡሩ አልተነካም። ሳህኑ ላይ ስትጥላት ድምፅ እንኳ አልነበራትም። ከዚያ መመሪያውን የሰጠችው ለኔ ነው፤ ከሁላችንም የማልጨቃጨቀው እኔ ብቻ መሆኔን አይታ ይመስለኛል። በበጋ ከደረቀ ሣር አርቀው። ከሽርሽር ሲመለስ በጣቶቹ መሀል፣ ከጆሮው ሥር፣ ከብብቱ በእጅህ እየዳበስክ ፈልግ። የጣቶቹን ፀጉር አሳጥርለት። እግሩን ደጋግሞ ከላሰ፣ ጭንቅላቱን ካራገፈ፣ በተከታታይ ካስነጠሰ ነገ ዛሬ አትበል፤ ይዘኸው ና።

አጎቴ ቃሉን ጠበቀ። በሐኪሟ ፊት፣ በሚስቱ ፊትና በኔ ፊት «ጋሽ ድገመው፣ ይቅርታ» አለ። ጋሽዋ ተመልሳለች። «ተሳስቻለሁ። ሰኞ ሥራ አለን፤ የሆቴሉ ወንበሮች ይቆረጣሉ። እንደ ድሮው እንሠራለን።»

ጋሽ ድገመው የከፋዩን ቁራጭ ከአለቃ አፍ ላይ ፈታ። ጠርዙን ከጠርዙ አገጣጥሞ አጠፈው፣ እንደገና አጠፈው፣ አጎቴ እጅ ላይ አኖረው።

«ያ ሱቅ» አለ፣ «ፋብሪካው አካባቢ ነው ሲባል እሰማለሁ እንጂ በየት በኩል እንደሆነ አላውቅም ነበር። በጀርባው ነው ያልከው?»

አጎቴ ቀና አለ። «ለምን ጠየቅከኝ?»

«እንዲሁ ነው።»

«እንዲሁ ማለት?»

ጋሽ ድገመው አለቃን አገጩ ሥር አከክ አከክ አደረገውና በሩን ከፍቶ ወጣ። ወደ ፒካፑ አልመጣም፤ በእግሩ ነው የሄደው። ስንመለስ ከኋላ የነበርነው አለቃና እኔ ብቻ ነን።  እትዬ የክብሪት ቀፎውን ከፊት በመስኮት ስትወረውረው አይቻለሁ።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ድገመው አልመጣም። ከሸክላ ፋብሪካው ጀርባ ሄዶ ትልቁ አጎቴ ዘንድ ሥራ ጠየቀ፤ በዚያው ቀን ተቀጠረ። ቆልማማዋን መርፌ በሳምንቱ የጥርስ ሐኪሙ በወረቀት ጠቅልሎ አመጣት፤ የተገኘችው በሶፋው ጀርባ ውስጥ ነው። የአለቃ እግር ድኗል፤ የምወስደውም በአስፋልቱ ብቻ ነው፤ ስንመለስ ጣቶቹንና ጆሮውን እፈትሻለሁ። በስፌት መኪናው ላይ አሁን የምቀመጠው እኔ ነኝ። አጎቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቁን ስንዘጋ፣ እሁድ የት እንደምውል ይጠይቀኛል።